ነጻ ትምህርት ስንት ያስከፍል ነበር?

ለጎንደር ቤተ እስራኤል ወላጆች ልጅን ሚስዮን ትምህርት ቤት ማስገባት ከባድ ውሳኔ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 የለንደኑ ሚስዮን መልእክተኛ ሄንሪ ስተርን ሲመጣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ስብከቱን የፈቀዱት አማኞቹ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በሚል ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና “ነጻ” የሚል ቃል ሳይ ሌላውን ዓምድ እፈልጋለሁ። የቤተ እስራኤል የመንጻት ሕግ ከሌላ እምነት ሰው ጋር መብላትን ይከለክል ነበር። ስለዚህ እዚያው እየበላ የሚያድር ልጅ፣ ገና ሳይጠመቅ ከእናቱ ማዕድ ይለይ ነበር። ክፍያው ይህ ነበር።

ሆኖም ሚስዮኑን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል። ጎንደር አካባቢ የተወለዱት ታምራት አማኑኤል አስመራ በስዊድን ሚስዮን ይማሩ ነበር። አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1905 አግኝቷቸው ወደ አውሮፓ ወሰዳቸው፤ ፓሪስና ፍሎረንስ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊው እሳቸው ሆኑ። እዚያ የገባ ልጅ ለመማር ሲል እምነቱን አይለቅም።

እህቶቼ፣ ለጋሾቻችንም፣ የማኅበራችን የተማሪ ድጋፍ ቅጽ ላይ “ሃይማኖት” የሚል መስመር አለ። ገንዘቡን ለማከፋፈል አንድ ቀን እንኳ አላስፈለገኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ።