የእስክንድርያ ዓምድና የእስክንድርያ መንበር

በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ከተቈረቈሩት ጥንታውያን ከተሞች መካከል ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንደ እናት የምትቈጠረው እስክንድርያ ናት። ከተማይቱን ያቀናት የመቄዶንያው ንጉሥ ታላቁ እስክንድር ሲሆን ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 331 ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ከእስክንድር በኋላ የነገሡት በጥሊሞሶች ከተማይቱን በቤተ መጻሕፍትና በታላላቅ ሕንፃዎች አስጌጧት። ከሁሉም ይልቅ ዝናው የተሰማው በፋሮስ ደሴት ላይ የቆመው የመብራት ግንብ ነበረ። ቁመቱ 100 ሜትር ያህል ሆኖ፥ ሌሊት በላዩ የሚነደው እሳት መርከበኞችን ወደ ወደቡ ይመራ ስለ ነበረ፥ ከ7ቱ የዓለም ድንቅ ሥራዎች እንደ አንዱ ተቈጠረ። ነገር ግን በ1303 እና በ1323 ዓ.ም. የሆነው የምድር መናወጥ ግንቡን ጣለው። በ15ኛውም መቶ ዓመት ሱልጣን ቃይትባይ በስፍራው ምሽግ ሠራበት። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ጠላቂዎች ብዙ የፈረሱ ድንጋዮችን ከባሕሩ በታች ወድቀው አገኙ።

ግንቡ ቢወድቅም አንድ ታላቅ ዓምድ በከተማይቱ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ከአስዋን ቀይ ድንጋይ የተጠረበ ሲሆን ቁመቱ ከነመሠረቱ 27 ሜትር ያህል ነው። ይህ ዓምድ የተተከለው ለሮማው ቄሣር ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። ቄሣሩም በ303 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትም እንዲቃጠሉ አዋጅ አስነገረ። እርሱ ያስነሣው ስደትም ገና ሳያልቅ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ጴጥሮስ በ311 ዓ.ም. አንገቱን ተሰይፎ፥ ተፍጻሜተ ሰማዕት ተባለ።

የግብፅ ክርስቲያኖች ዓምዱን የሚወዳደር ድንጋይ አላቆሙም። ነገር ግን ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ዓ.ም. አንሥቶ የሚቈጠረውን ዘመን ዓመተ ሰማዕታት ብለው ጠሩት፤ የባሕረ ሐሳብ መምህራንም ይህን ስም ያውቁታል። ስለዚህ ድንጋዩ ለቄሣሩ ሲቀር፥ ዘመኑ እርሱ ላሳደዳቸው ሆነ።

ስደቱ ካለፈ በኋላ የጢሮሱ ሰው ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወደ እስክንድርያ ወረደ፤ በአክሱም ላሉት ምእመናንም ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። ቅዱስ አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል እንደማይገኝ አይቶ ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ሾመው። እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ነው። ከዚያ ወዲህ 1600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ጳጳሳት ከማርቆስ መንበር ሲሾሙ ቆዩ፤ በ1959 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው በካይሮ ተሾሙ።

የፋሮስ እሳት ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው። ከእስክንድርያ ወደ አክሱም የመጣው ክህነት ግን በአንብሮተ እድ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ እስከ ዛሬ ደርሷል። ዛሬ በገጠሪቱ አጥቢያ ቁሞ የሚቀድስ ካህን ሹመቱ ወደ ኋላ ቢቈጠር ከእስክንድርያ መንበርና ከቅዱስ አትናቴዎስ ይደርሳል። የቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ ሲከበር የግድግዳው ዕድሜ ብቻ አይቈጠርም፤ በግድግዳው ውስጥ ሳይቋረጥ የኖረው አገልግሎትም አብሮ ይቈጠራል። ግድግዳው ቢያረጅ ይታደሳል፤ አገልግሎቱ ግን የሚቀበለው ልጅ ካላገኘ አይተካም።