የታኅሣሡ ግርግር ቢሳካስ ኖሮ?

«ቢሆን ኖሮ» ታሪክ አይደለም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ግን አንዳንዴ የሆነውን አጥርቶ ለማየት ያልሆነውን ማሰብ ይጠቅማል። እስቲ ወደ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እንመለስ።

ጃንሆይ ብራዚል ናቸው። የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና አሜሪካ ተምሮ የተመለሰው ወንድሙ ገርማሜ አዲስ አበባን ያዙ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ በውድም ይሁን በግድ፣ በሬዲዮ መግለጫ አነበቡ፤ በሕገ መንግሥት ሥር፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ በደመወዝ ሊያገለግሉ። ልብ በሉ፤ መግለጫው ዘውዱ ይውደቅ አላለም። ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን ለንጉሡ ታመኑ፤ አቡነ ባስልዮስም አወገዙ። በቀናት ውስጥ አለቀ። ታግተው የነበሩ መኳንንትና ባለሥልጣናት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ተረሸኑ። ገርማሜ ሞተ፤ መንግሥቱ ተይዞ ተሰቀለ።

ዙፋኑ ጸና። ጃንሆይም በ1954 ያንኑ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ የዛሬው ስድስት ኪሎ ማለት ነው። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። ጥይቱ ጸጥ ያለበት ግቢ ጥያቄው ጸጥ አላለም። ከዓመት ዓመትም መልስ ሲያጣ ማርክስንና ሌኒንን ይዞ መጣ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ጃንሆይን አወረደና ማንን ንጉሥ አለ? እንደገና አስፋ ወሰንን! ያው ሰው፣ ሥልጣኑ የተገደበ ያው ዘውድ፣ ከ14 ዓመት በኋላ። ውጭ አገር ሕክምና ላይ የነበሩት አልጋ ወራሽ አልመጡም። ኅዳር 14 ስልሳ ሰዎች ተረሸኑ፤ መጋቢት ላይ ዘውዱ ራሱ ተሻረ።

ታዲያ የ1953ቱ ቢሳካ ገነት እንገባ ነበር? አይመስለኝም። እስረኛ የረሸነ እጅ ሥልጣን ላይ ሲደላደል ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ጦሩም ተከፋፍሎ ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነት ሊከተል ይችል ነበር።

አንድ ነገር ግን ልዩነት አለው። በ1953 ጥያቄው «ንጉሡ ምን ያህል ሥልጣን ይኑራቸው?» ነበር። በ1967 «ንጉሥ ለምን ያስፈልጋል?» ሆነ። ለመጀመሪያው መልስ መስጠት ይቻል ነበር፤ ለዚያውም ያለ አንድ ጥይት፣ ጃንሆይ ከብራዚል እንደተመለሱ። አሸንፈው ስለነበር ግን አላስፈለጋቸውም።

ለእኔ ትልቁ «ቢሆን ኖሮ» ይሄ ነው፦ ግርግሩ ከሽፎም ቢሆን ንጉሡ ሰምተውት ቢሆንስ ኖሮ?