አፈሩና ግድግዳው

የነቀምቴን ታሪክ ሳነብ ከኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ይልቅ አንዲት ቃል ታስቆመኛለች፤ «ቀበላ»። ከዚያ በፊት በሌቃ ምድር ቀድሞ የሰፈረው ሰው መሬቱን «ቀቢዬ» ብሎ ይይዝና ለልጆቹ ያወርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ግን ደጃዝማች ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ መሬቱን በገንዘብ ከፋፈሉት። የከፈለው ባለ መሬት ሆነ፤ መክፈል ያቃተው አባቱ ባቀናው ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ርስት ከደም ወደ ብር የተሻገረው፣ በእኔ አስተያየት፣ ያን ጊዜ ነው።

የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ። ዳሩ ግን የገጠር መሬትን መሸጥን፣ መለወጥን፣ ማስያዝንና ማከራየትንም አብሮ ከለከለ፤ ባለ ይዞታው ሲሞትም የመጠቀሙ መብት በቅድሚያ ለትዳር ጓደኛውና አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆቹ የሚተላለፍ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፤ በላዩ የተሠራውን ቤት ግን ባለቤቱ ሊሸጠውም ሊያወርሰውም ይችላል።

እንግዲህ ዛሬ በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ ቤት ለሚገዛ ሰው በውሉ ላይ የሚሰፍርለት ግድግዳውና ጣሪያው ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ቤቱ ለአውራ ጎዳናው ያለው ቅርበት ነው፤ ግድግዳው የጭቃ ቢሆንም እንኳ።