የጤፍ አበባ ታሪክ፤ ከስያሜ እስከ ማዳቀል

በትምህርት ቤቶች ስለ ዕፀዋት በሚሰጠው ትምህርት አበባ የሚለው ቃል ሲነሣ፣ ተማሪው በአእምሮው የሚሥለው መልኩ የደመቀ፣ መዓዛው የሚያውድ ጽጌረዳን ወይም በመስከረም ሜዳውን የሚያለብሰውን አደይ አበባ ነው። (አደይ አበባ አንድ አበባ መስሎ የሚታይ፣ በእርግጥ ግን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ መሆኑ ለጊዜው ይቆይ።) የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕልም ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክራል። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ውስጥ ከማንኛውም እህል ይበልጥ ሰፊ መሬት፣ ይኸውም 3 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የሚሸፍነው ጤፍ አበባ ያለው መሆኑን እንኳ የማያስተውል ተማሪ ጥቂት አይደለም። ቸልታው ግን የተማሪው ብቻ አይደለም። ለጤፍ ሳይንሳዊ ስም ከተሰጠው ጀምሮ አበባው መቼ እንደሚከፈት በትክክል እስከ ተመዘገበበት ጊዜ ድረስ 200 ዓመት ያህል አልፏል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕፀዋት በወንዴና በሴቴ ክፍል የሚራቡ መሆናቸው በሙከራ የተረጋገጠው በ1694 ነው። በዚያ ዓመት የጀርመኑ የቱቢንገን ሊቅ ሩዶልፍ ካሜራሪዩስ የምርምራቸውን ውጤት በደብዳቤ መልክ አሳተሙ። ከተጠቀሙባቸው ተክሎች አንዱ በየጓሮአችን የሚገኘው ጉሎ ነበር። በጉሎ ዘለላ ላይ ወንዴና ሴቴ አበቦች ለየብቻ ስለሚገኙ፣ ወንዴዎቹን ብናኛቸው ሳይበተን ለቅመው ቢያስወግዱ ሴቴዎቹ ፍሬያማ ዘር ሳይሰጡ ቀሩ። ከዚህ ሥራ በኋላ በ1760ዎቹ ዮሴፍ ኮልሮይተር ሁለት የተለያዩ የትምባሆ ዓይነቶችን በእጃቸው አዳቅለው ከሁለቱም ወላጆች መልክ የተካፈለ ተክል አገኙ። በ1866 የታተመው የመነኩሴው የግሬጎር ሜንዴል የአተር ጥናትም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። አተር ራሱን በራሱ የሚያራባ ተክል ነው። ሆኖም አበባው ትልቅ በመሆኑ ሜንዴል ሳይበስል ከፍተው፣ ወንዴ አካላቱን ነቅለው የሌላውን አተር ብናኝ ሊያኖሩበት ችለዋል። አጥኚው አበባውን በእጁ ሊይዘው ባይችል ኖሮ የውርስ ሕግጋት በአተር ባልታወቁም ነበር።

ጤፍ ወደ አውሮፓውያን የዕፀዋት መዝገብ የገባው ከኮልሮይተር ሥራ ብዙም ሳይርቅ ነው። በ1775 የፍሎረንሱ ሊቅ አቲሊዮ ዙካኚ ጤፍን በሳይንሳዊ ስም ገልጸው ጻፉ። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኙት እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1790 ባሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ ስለ ጤፍ ከሥዕል ጋር አትተዋል። ዛሬ የሚሠራበት ኤራግሮስቲስ ጤፍ የተባለው ስም በ1918 በኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ትሮተር የተስተካከለ ነው። ሣርን ከሣር የሚለዩት የዕፀዋት ሊቃውንት ከሁሉ አስቀድመው የሚመረምሩት የአበባውን ልባሶች ነውና፣ የጤፍ አበባ ፈጽሞ አልታየም ማለት አይቻልም። ይሁንና ለስያሜ የሚያገለግለው በወረቀት መካከል ተጭኖ የደረቀ ናሙና ነው። የደረቀ ናሙና የአበባን ቅርጽ እንጂ የአበባን ውሎ አያሳይም። የኋላው ችግር ሁሉ የመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ቅርጹን በሚመለከት ጤፍ የሣር ወገን የሆነ የእህል ተክል ነው። ሥሩ እንደ ባቄላ አንድ ዋና ሥር የለውም፤ ከግንዱ ግርጌ በአንድነት የሚወጡ ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። ግንዱ ቀጭንና ባለ አንጓ ሲሆን፣ ቅጠሎቹ ጠባብና ረጃጅም ሆነው ግርጌያቸው ግንዱን ያቅፋል። በጫፉ ላይ እንደ ዓይነቱ የተበተነ ወይም የተሰበሰበ ዘለላ ይወጣል። ዘለላው በብዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሞላ ሲሆን፣ በያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ብዙ አበቦች ተደራርበው ይገኛሉ። እያንዳንዱ አበባ ሁለት ልባሶች፣ ሦስት ወንዴ አካላት፣ እንዲሁም እንደ ላባ የተበተኑ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት የሆኑ የብናኝ መቀበያዎች ያሉት አንድ ሴቴ አካል አለው። ደማቅ መልክ ያለው የአበባ ቅጠል የለውም፤ ንብም ሆነ ቢራቢሮ መጥራት አያስፈልገውምና። ዘለላው አበባውን የሚያወጣው ከላይ ወደ ታች ሲሆን፣ በያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል።

ዘሩም እንደ አበባው ደቃቅ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ አንድ ግራም አይሞላም፤ ብዙውን ጊዜ ክብደቱ ከ0.2 እስከ 0.4 ግራም ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ስንቅ ይህን ያህል ጥቂት ስለሆነ፣ በጥልቅ የተቀበረ ዘር ቡቃያው ብርሃን ሳያይ ስንቁን ይጨርሳል። ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ አርሶ የሚያለሰልሰው፣ በብዙ ስፍራም በከብት አስረግጦ በብተና የሚዘራው፣ ዘሩንም አፈር በብዛት የማያለብሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጥበብ ከመጻሕፍት የተገኘ አይደለም። ማኛውን ከሠርገኛው፣ ነጩን ከቀዩ ለይቶ ዘሩን ለዘመናት ያቆየውም ያው ገበሬ ነው። ሊቃውንቱ ለመምረጥ የበቁት እርሱ አስቀድሞ መርጦ ስላቆየላቸው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በኢትዮጵያ በጤፍ ላይ ሳይንሳዊ የማሻሻል ሥራ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ግድም ሲሆን፣ ዋናው ማዕከል ኋላ የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሆነ። ሥራው ከገበሬው ማሳ የተሰበሰቡ ዘሮችን ለየብቻ ዘርቶ፣ አወዳድሮ፣ የተሻለውን መምረጥ ነበር። ምርጫ ያለውን መለየት እንጂ የሌለውን መፍጠር አይችልም። አንዱ ዘር ነጭ ሆኖ ምርቱ ዝቅተኛ፣ ሌላው ምርታማ ሆኖ ፍሬው እንደዚያ የማይነጣ ቢሆን፣ የሁለቱን መልካም ጠባይ በአንድ ተክል ላይ ማዋሐድ የሚቻለው በማዳቀል ብቻ ነው። ማዳቀል ግን በጤፍ የሚሆን አይመስልም ነበር። ተመራማሪዎች የጤፍ አበባ ጨርሶ ሳይከፈት፣ በልባሱ ውስጥ እንደተዘጋ ርክበ ብናኝ የሚፈጽም አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ለዚህ እምነት የሚታይ ምክንያት ነበረው፤ በሥራ ሰዓት ወደ ማሳው የወረደ ሰው የሚያገኘው የተዘጋ አበባ ነውና።

ይህን እምነት ያፈረሱት በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። ለዚህ ያበቃቸው እጅግ የረቀቀ መሣሪያ ሳይሆን በማለዳ የተደረገ ክትትል ነው። የጤፍ አበባ ይከፈታል፤ የሚከፈተው ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መሆኑን አረጋገጡ። ይህ ሰዓት ከታወቀ በኋላ ቀሪው የእጅ ሥልጠናና የትዕግሥት ጉዳይ ሆነ። እናት እንድትሆን የተመረጠችው ተክል አበባ ገና ሳይከፈት በአጉሊ መነጽር ሥር ሦስቱ ወንዴ አካላት አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ በተጠቀሰው የንጋት ሰዓት ከአባት ተክል የተወሰደው ብናኝ ይኖርባታል፤ ጽንሰቱ ከተሳካ ጥቂት ድቅል ፍሬዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ፍሬዎች የሚበቅለው ትውልድ ራሱን በራሱ እያራባ ሲሄድ የወላጆቹ ጠባያት በልዩ ልዩ አኳኋን ተቀላቅለው ይወጣሉ። አጥኚው ለብዙ ዓመታት እየመረጠ የሚፈልገው ጠባይ የጸናለትን ያስቀራል።

ውጤቱ እስኪታይ ስምንት ዓመት ያህል ወሰደ። በማዳቀል ከተገኙት ዝርያዎች መናገሻና መልኮ በ1982፣ ጸደይ በ1984 ተለቀቁ። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ቁንጮ የተለቀቀው በ2006 ሲሆን፣ ወላጆቹም በነጭነቱ የተመሰገነው ማኛና በምርታማነቱ የተመረጠው ዱከም የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ከላይ የማይዋሐዱ መስለው የተጠቀሱት ሁለት ጠባያት በቁንጮ ተገናኝተዋል። በ2014 የጤፍ ሙሉ የዘር መረጃ ሲነበብ ለንባቡ የተመረጠውም ጸደይ ነበር። ግንዱ ቀጭን በመሆኑ የሚደርሰው መጋሸብ ግን በማዳቀልም ገና መፍትሔ ያላገኘ፣ የጤፍ ምርት ዋነኛ እንቅፋት ነው።

የዕቅድ ባለሙያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጤፍ አበባ ቢከፈትም የሚከፈተው ለአጭር ጊዜ በመሆኑና ብናኙም በዚያው ቅጽበት በራሱ መቀበያ ላይ ስለሚወድቅ፣ ከሌላ ተክል ጋር በተፈጥሮ የሚዳቀለው ከ100 ከ1 አይበልጥም። ስለዚህ የተሻሻለ የጤፍ ዘር አንድ ጊዜ የደረሰው ገበሬ፣ ከባዕድ ዘር ጋር እስካልደባለቀው ድረስ፣ ከራሱ አውድማ ለቀጣዩ ዓመት ዘር ሊያስቀርና ለጎረቤቱም ሊያካፍል ይችላል። ዲቃላ በቆሎ ይህ ዕድል የለውም፤ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛትን ይጠይቃል። የዘር ማከፋፈያ ዕቅድ ለሁለቱም ሰብሎች በአንድ መልክ ከተነደፈ፣ ስሕተቱ የሚጀምረው አበባውን ካለማወቅ ነው።

ለመምህሩ ደግሞ አጋጣሚው ምቹ ነው። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ በብዙ ስፍራ ዘለላ የሚያወጣው በመስከረም፣ ትምህርት ቤቶች በሚከፈቱበት ወቅት ነው። አንድ የእጅ አጉሊ መነጽርና በትምህርት ቤቱ ግቢ የተዘራ አንድ መደብ ጤፍ ለትምህርቱ ይበቃሉ። ለክትትሉ የሚመረጠው ገና ከቅጠሉ እቅፍ በመውጣት ላይ ያለ ዘለላ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በመደቡ ዙሪያ መገኘት የሚኖርባቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በ2 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ፣ አበባው ከተዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል አልፎታል።