የምረጡኝ ጥሪ በእጅ ስልክ፦ ከአርሲ ደጋ የታየ የሕግ ክፍተት

በአርሲ ደጋ ስንዴ የሚያመርት ገበሬ ከአጭር ቁጥር ተደውሎለት የተቀዳ ድምፅ ቢሰማ አይደነግጥም፤ ለምዶታል። በ2006 ሥራ የጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ መስመር ለሚደውልለት በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በትግርኛ ምክር ይሰጣል፤ የስንዴ ዋግ ሲያሰጋም ወደ ገበሬው ስልክ ራሱ እየደወለ ያስጠነቅቃል። በዚያው ዘመን ግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ሲያወድምባቸው ያዩ የአርሲና የባሌ ገበሬዎች የማስጠንቀቂያን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቁታል። ነገ በተመሳሳይ ድምፅ «እገሌን ምረጡ» የሚል ጥሪ ቢመጣስ? ማን ደወለ፣ ቁጥሩን ከየት አገኘ፣ ገበሬው «አትደውሉልኝ» ማለት ይችላል ወይ?

ሕገ መንግሥቱ ሁለቱንም ወገን ይይዛል። አንቀጽ 29 ሐሳብን በመረጡት ማናቸውም ማሰራጫ የመግለጽ ነፃነት ይሰጣል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የስልክ ግንኙነትን ጨምሮ የግል ሕይወትን ያስከብራል። ችግሩ ያለው ከዚያ በታች ባሉት አዋጆች ነው። ያልተፈለገ መልእክትን በቀጥታ የሚመለከተው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ነው፤ እሱም የሚቀጣው ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ሲባል ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚሰራጭን የኢሜይል መልእክት ነው። ሳሙና የሚሸጥ ሰው በዚህ አንቀጽ ሊጠየቅ ይችላል፤ ድምፅ የሚለምን ግን አይነካም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቅጣቱን የሚያከብደው ሐሰቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ወይም በብሮድካስትና በኅትመት ሲሰራጭ ነው። በእጅ ስልክ የሚላክ መልእክት ደግሞ ተከታይ የለውም፤ ያለው ተቀባይ ብቻ ነው። መቶ ሺህ ቤት ሊገባ ይችላል፣ መለኪያው ግን አያየውም።

የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ እንዲቆም አድርጓል። በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነበር። ከአሰላ ወጥቶ ወደ በቆጂ ገጠር ለዘለቀ ሰው ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ባትሪው ያለቀ ስልክ ሲበራ መልእክቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ታዲያ የሚቆጠረው የተላከበት ሰዓት ነው ወይስ የደረሰበት? ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚያከራክር ጥያቄ ነው።

መንግሥት አጭር መልእክትን አያውቀውም ማለት አይደለም። በ1997 ምርጫ የተቃዋሚው ጥምረት የቅንጅት ደጋፊዎች ለቅስቀሳ የተጠቀሙበት አገልግሎት ከምርጫው በኋላ በተነሣው ውዝግብ ተዘግቶ እስከ 2000 መባቻ አልተከፈተም። ከሁለት ዓመት በላይ ለልደት «እንኳን አደረሰህ» መላላክ እንኳ አልተቻለም። በእኔ ግምት ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ሥርዓት ያልተበጀለት መሣሪያ ዕጣው ወይ መለቀቅ ወይ መቆለፍ ሆነ። ኬንያ ከምርጫ ማግስቱ ደም መፋሰስ ተምራ በ2012 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ ሞከረች፦ በጅምላ የሚላክ ፖለቲካዊ መልእክት ከ48 ሰዓት በፊት ለስልክ ኩባንያው ቀርቦ እንዲታይ አዘዘች። ይህኛው ለሳንሱር የቀረበ ስለሆነ ለእኛ አይመከርም። አሜሪካኖች ደግሞ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በኒው ሃምፕሸር የፕሬዚዳንት ባይደንን ድምፅ አስመስሎ የተሠራ ጥሪ መራጮችን ካሳሳተ በኋላ፣ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ድምፅ መደወልን የሚገድበው የ1991 ሕጋቸው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለተፈጠረ ድምፅም እንደሚሠራ በየካቲት ወሰኑ።

ላኪው ማንነቱን ይግለጽ ብለን ብንደነግግ ፊደል ራሱ ጣጣ ያመጣል። በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የተጻፈ አፋን ኦሮሞ በአንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ ረጅም የፓርቲ ስም ግማሹን ይበላዋል። ስለዚህ ለፓርቲዎች በምርጫ ቦርድ የሚመዘገብ አጭር ቁጥር ቢሰጥ ይሻላል፤ ለድምፅ ጥሪም ያገለግላል።

የተሻለው መነሻ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመስለኛል። አዋጁ የፖለቲካ አመለካከትን ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል፤ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ከዚያ ጋር ለማይጣጣም ሌላ ዓላማ እንዳይውልም ያዛል። ለዋግ ማስጠንቀቂያ ቁጥሩን የሰጠ ገበሬ ለምርጫ ቅስቀሳ አልሰጠም። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይህንን ከምርጫ ቦርድ ጋር ሆኖ በመመሪያ ሊያጸና ይገባል፤ መመሪያውም ቅስቀሳ ከመጀመሩ በፊት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ታትሞ ቀበሌ ድረስ ይውረድ።