የእንክብካቤ ቅንጅት

ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ዳር የምትኖር አንዲት ምራት እናስብ። አማቷ ማምሻውን ብድግ ብለው «ልጄ፣ መሽቶብኛል፤ ወደ ቤቴ ልግባ» ይሏታል። የተቀመጡት ከተዳሩ ጀምሮ በኖሩበት ቤት ነው። ቁልቁል ወደ ሐይቁ እንዳይወርዱ ስለምትሰጋ ሌሊት በሩን ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ጎረቤት ሲጠየቅ «ጃጅተዋል፤ ምን ይደረግ» ይላል።

የሚረዳ ጠፍቶ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ድረስ ትመጣለች። ጤና ጣቢያው ደም ግፊትና ስኳር ይመረምራል፤ ሲከብደው ወደ ደሴ ሪፈር ይጽፋል። ደሴ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምባሰል ገጠር ለሚመጣ ግን መጀመሪያ አስፋልቱ ድረስ ወርዶ መኪና መጠበቅ አለ። የጤና መድን ደብተሩ በጊዜው መታደስ ይፈልጋል። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ለሥራ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን የቀጥታ ድጋፍ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ቅሬው (እድሩ) ለቀብር ይደርሳል፣ ወዳጃው ለዱዓ ይሰበሰባል፣ ክርስቲያኑ ጠበል ይወስዳል። ነገር ግን አንዱ ያደረገውን ሌላው አያውቅም። ምራትየዋ በየደጁ ታሪኩን ከሥሩ ትጀምራለች። ቀጠሮውም፣ የመድኃኒቱ ስምም፣ የካርዱ ቁጥርም ያለው በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ እሷ የታመመች ቀን ሁሉም ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው።

«የእንክብካቤ ቅንጅት» የሚባለው አዲስ ቃል የተፈለገው ለዚህ ነው። አንድ ሕመምተኛና ቤተሰቡ የሚያስፈልጓቸውን የሕክምና፣ የማኅበራዊና የገንዘብ አገልግሎቶች ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ተከታትሎ እንዲያገናኝ ማድረግ ማለት ነው። የክልል መንግሥት ሲገባበት ደግሞ ጤና ቢሮው ምን እንደሚሠራ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው የት እንደሚቀበለው፣ በጀቱ ከየት እንደሚመጣና ተጠሪው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰናል።

ቃሉ ለወሎ ገበሬ ሩቅ አይደለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ መቀናጆ ይባላል። ሁለቱም በሬ አላቸው፣ ለየብቻቸው ግን ማረስ አይችሉም። መቀናጆ ውል አለው፦ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ። በቢሮ ቋንቋችን «በቅንጅት እንሠራለን» ሲባል ውሉ ይጠፋና ስብሰባውና ውሎ አበሉ ይቀራል። ቅንጅት ሲባል በ1997ቱ ምርጫ በዚህ ስም የተወዳደረው የፖለቲካ ስብስብ ትዝ የሚለው አንባቢም ይኖራል፤ እሱ «ማስተባበር» ቢል አልጣላውም። ለእኔ ግን ማስተባበር ከላይ ሆኖ ማዘዝም ሊሆን ይችላል፤ መቀናጀት ሁለቱም አንገታቸውን ቀንበር ውስጥ እንዲያስገቡ ይጠይቃል።

የሚቀናጁለት ሕመምስ ምን ይባል? ዲሜንሺያ አንድ በሽታ አይደለም። አንጎልን የሚጎዱ ልዩ ልዩ ሕመሞች የሚያመጡት የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገርና የዕለት ሥራን የመከወን መዳከም ነው። አልዛይመር ከ60 እስከ 70 በመቶውን ይይዛል፤ በስትሮክና በሌላ የደም ሥር ጉዳት የሚመጣም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች። በራዲዮ የለመድነው ስም «የመርሳት በሽታ» ነው። ሰው ስለሚያውቀው ይቆይ፤ ግን ጎዶሎ ነው። አማትየዋ የሚረሱ ብቻ አይደሉም፤ ሌባ ገባብኝ ይላሉ፣ የገዛ ልጃቸውን ይፈራሉ፣ ሽሮውን ሊያማስሉ ተነስተው ማማሰያው ምን እንደሚሠራ ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙም ቤተሰቡም «ዲሜንሺያ» የሚለውን ቢለምዱት ይሻላል። «ጃጀ» ግን ይቅር። ስድብነቱ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን ሕመሙን የዕድሜ ወግ አድርጎ ሰውየውን ከሐኪም ቤት ማስቀረቱ ነው።

ጃፓን በ2004 እ.ኤ.አ. ጅልነትን የሚያሰማውን የቀድሞ ስያሜ በመንግሥት ደረጃ ቀይራ የማወቅ ችሎታ መታወክን የሚገልጽ ቃል ተካች። በስሙ ብቻ አላበቃችም። ከ2006 ጀምሮ ነርስ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛና የእንክብካቤ ባለሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጡባቸውን ማዕከላት በየአካባቢው ከፈተች፤ የአንድ አረጋዊ ጉዳይ የሚገባው በአንድ በር ነው። በ2023ም ስለ ዲሜንሺያ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። በአሜሪካ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተፈረመው «ቦልድ» የተሰኘ ሕግ ለክልል ጤና መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ይሰጣል፤ የዲሜንሺያ አገልግሎት አስተባባሪ የሚባል የሥራ መደብ የፈጠሩ ክልሎችም አሉ።

የእኛ ክልል ከባዶ አይነሳም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ስለ ዲሜንሺያ ምዕራፍ አለው። በእርግጥ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የደሴና የአካባቢው ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መድኃኒትና መሣሪያ በሌለበት ቅንጅት ብቻውን አያድንም። ይሁን እንጂ ሐይቅ ለምትገኝበት ለተሁለደሬና ለአምባሰል ወረዳዎች መጀመሪያ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ አይመስለኝም። በየወረዳው አንድ ስልኩ የሚታወቅ፣ ጤና ጣቢያውንም የድጋፍ ዝርዝሩንም የሚያይ፣ ከቅሬ ዳኞች ጋር የሚነጋገር ሠራተኛ ይመደብ። ቅሬ የእያንዳንዱን ቤት ጓዳ ያውቃል፤ ሞት እስኪመጣ ለምን እንጠብቀዋለን? ስሙ የታወቀ ተጠሪ እስካልተመደበ ድረስ ክልሉ የዲሜንሺያ እንክብካቤን አቀናጅቷል አይባልም።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ግን መዋቅሩን አትጠብቅ። የታይሮይድ መታወክ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርትና አንዳንድ መድኃኒቶች ዲሜንሺያ የሚመስል ነገር ያመጣሉ፤ ታክመው የሚሻሻሉም ናቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘህ፣ ለውጡ መቼ እንደጀመረ ጽፈህ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው።