የቆቃ ሐይቅና የሙስሊም መንገደኛ ማዕድ

ዕረፍትን የሚሻ ሰው ሞቃት አየር ያለበትን፣ ውኃ የከበበውንና ከሥራ ሁካታ የራቀውን ደሴት በሐሳቡ መመኘቱ የተለመደ ነው፤ ይህ ሰው ሙስሊም ሲሆን ግን ከውኃው ውበትና ከዛፉ ጥላ አስቀድሞ የሚቀርብለት ሥጋ በማን እጅና በማን ስም እንደ ታረደ፣ ድስቱ ቀድሞ ምን እንደ ተሠራበት፣ ውዱእ የሚያደርግበት ውኃና ግንባሩን የሚደፋበት ንጹሕ ስፍራ ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ስለሚሆንበት፣ የዕረፍቱ ጣዕም ገና ከቤቱ ሳይነሣ በሚያደርገው ዝግጅት ላይ የቆመ ነው። ጥያቄው በአገራችን አዲስ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ የተመላለሰ ሁሉ ሲጠይቀው የኖረ ነው። ታሪኩንም ለመመልከት ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን የቆቃን ሐይቅ ዳርቻ የሚያህል ስፍራ አላገኘሁም።

እርግጥ ነው፣ ቆቃ ደሴት አይደለም። ደሴት የፈለገ በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ዘልቆ ወደ ዝዋይ ይወርዳል፤ ነገር ግን አበው ደብረ ጽዮንንና ሌሎቹን የዝዋይ ደሴቶች የተሻገሩት ንዋየ ቅድሳትንና መጻሕፍትን ከጥፋት ለማዳን፣ በጾምና በጸሎትም ለመኖር እንጂ ለመዝናናት አልነበረም። በቀይ ባሕር ዳህላክም የሚታየው ጥንታዊ ሀብት በኩፊ ፊደል የተጻፈ የሙስሊሞች የመቃብር ድንጋይ ነው። ለተድላ ብሎ ወደ ውኃ ዳር መውረድ በእኛ ዘንድ ትናንት የመጣ ልማድ ነው።

የኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ በኀዘንና በደስታ ሲጠራሩ ኖረው፣ በሥጋ ማዕድ ላይ ግን ተለያይተው መቀመጣቸው የቆየ ሥርዓት ነው። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላሂ ብሎ ያረደውን ክርስቲያኑ አይቀምስም። ቁርኣን በአምስተኛው ምዕራፍ የመጽሐፍ ባለቤቶችን ምግብ ለአማኞቹ የፈቀደ ሲሆን የአገራችን ልማድ ከፈቃዱ ይልቅ ጠብቆ የተገኘው፣ በሁለቱም ወገን ሥጋ መብላት እንደ ሃይማኖት ምስክርነት ስለ ተቆጠረ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ይህ መለያየት ጠብ አልወለደም። ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ሰንጋውን ወይም በጉን ከነነፍሱ ያስረክባል፤ አራጁም ወጥ ሠሪውም ከእነርሱው ወገን ይሆናል፤ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ መሶቡ ሳይቀር ይለያል፤ ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። የሌላውን ሕግ ሳይጋሩት ማክበር ከዚህ በላይ በምን እንደሚገለጥ አላውቅም።

በመንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ሙስሊሙ መንገደኛ በስንቁ ይታመን ነበር፤ ቆሎ፣ በሶ፣ በአርሲ በኩል ደግሞ በንጥር ቅቤ የታሸ ጭኮ፣ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚሰነብት፣ እሳትም አራጅም የማይፈልግ ምግብ ነው። ባላ በትራቸውን ይዘው እያዜሙ ወደ ባሌው ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚጓዙት ምእመናን ከየደረሱበት ቤት እየተስተናገዱ የሚያደርጉት ዚያራ፣ ለብዙው የሸዋና የአርሲ ሙስሊም ከእርሻና ከከብት ጥበቃ የሚለይበት ዋነኛው ጉዞ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሞጆና አዳማ ከመንገደኛ ማረፊያነት ወደ ከተማነት ተሸጋገሩ፤ በባቡሩ መንገድ የሠፈሩት የሐረር ነጋዴዎችና የየመን ዐረቦችም ለሙስሊሙ መንገደኛ ሳይጠራጠር የሚበላበትን ቤት ከፈቱለት። ከዚህ በኋላ አዋሽ በቆቃ ተገደበ። ኢጣሊያ ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ 43 ሺሕ ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ሲሰጥ፣ የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች መሰማሪያ የነበረው ሜዳ በውኃ ተዋጠ፤ ይህም ለእነርሱ ታላቅ ጉዳት እንደ ነበረ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ንጉሠ ነገሥቱ ገሊላ የተባለውን ቤተ መንግሥት በሐይቁ አጠገብ አሠሩ፤ መኳንንቱና የከተማው ባለጸጋም በሰንበት ወደ ቆቃና ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ መውረድን ለመዱ። ሆኖም ያ ዘመን ያመጣው ሆቴል መጠጥ ቤቱን ከፊት፣ ማእድ ቤቱን ከኋላ አድርጎ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ሙስሊሙ ባለጸጋ እንኳ ገንዘብ እያለው ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ ቢሄድ የሚያስገርም አልነበረም።

ችግሩን ያቃለለው ዓሣው ነው። ባለ ሆቴሉ አልነበረም፣ ሕግ አውጪውም አልነበረም። ቀድሞ የሸለቆው ከብት አርቢ ዓሣ በላን ይንቅ ነበር፤ ደገኛውም ቢሆን ብዙ አያውቀውም። ሐይቁ ከተኛ ወዲህ ግን ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ዱባ የሚባለውም ዓሣ በመረብ እየወጣ ገበያ ደረሰ። ዓሣ ቢላዋ ሳይነካው ከውኃ ሲወጣ የሚሞት በመሆኑ የማን እጅ አረደው የሚል ክርክር አይነሣበትም፤ ያው አምስተኛው ምዕራፍ የባሕርን አደን ለአማኞች ፈቅዷልና። ክርስቲያኑም የሙስሊም አጥማጅ ያወጣውን ዓሣ ሲገዛ ኅሊናው አይወቅሰውም። በአምባዛ ላይ ብቻ ነገሩ ይለያያል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ስለ ከለከለ ብዙ ክርስቲያን ይሸሸዋል፣ የሻፊዒን መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) የሚከተል ሙስሊም ግን ይበላዋል።

በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠበስበትን ቤት የተመለከተ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፦ ቆሮሶው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተሸንትሮ፣ ከነራሱ በሚፍለቀለቅ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ቆዳው ቀልቶ ሲንኮሻኮሽ ይወጣና ከሎሚና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ጠንቃቃው ሙስሊም ገና ሳይቀመጥ፣ «እናቴ፣ በዚህ ዘይት ሥጋ ተጠብሶበታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቲቱም ዓሣ ብቻ እንደ ሆነ ስትነግረው የቀረው ጭንቀት ያበቃል፤ በአንድ ትሪም ከክርስቲያን ባልንጀራው ጋር እጁን ይሰዳል። ለዘመናት በሥጋ የተለያየው ማዕድ በዚህ ተገናኘ።

የዕረፍት ቀን ራሱ ግን በትግል የተገኘ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው፣ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቁ፤ ከዚህም በኋላ ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሓና መውሊድ የመንግሥት በዓላት ሆነው ታወጁ። ከዚያ በፊት የመንግሥት ሠራተኛው ሙስሊም በዓሉን እንደ ሕጋዊ የዕረፍት ቀኑ አድርጎ ቤተሰቡን ወደ ሐይቅ ሊወስድ አይችልም ነበር።

ዛሬ ለዒድ ማግስት ወደ ቆቃ ለመውረድ የሚያስብ ቤተሰብ ከአያቶቹ የቀለለ ጉዞ አለው። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉት ቄራዎች በእስልምና ሥርዓት የታረደ የፍየልና የበግ ሥጋ በአውሮፕላን ወደ ዐረብ አገሮች የሚልኩ ስለሆኑ የሐላል እርድ በአካባቢው የታወቀ ሙያ ነው። መካም ከቆቃ በትክክል ለማለት ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ፣ በምዕራቡ ዳርቻ የሚሰግድ ሰው ሐይቁን በስተቀኙ አድርጎ መቆም ይበቃዋል። የሆቴል ባለቤቶች አንዲት ንጹሕ ክፍልና የእግር መታጠቢያ ውኃ ቢያዘጋጁለት ወጪው ከአንድ ጠረጴዛ ዋጋ ብዙ አይበልጥም።

የሚያሳስበኝ የሐይቁ ጤና ነው። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ገና በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃ ታይቷል፤ የሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ተሸክሞ ወደዚሁ ውኃ ይገባል። ቁርኣን ምግብ ሐላል ብቻ ሳይሆን መልካምና ንጹሕም እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ያለ አራጅ የተፈቀደው ዓሣ በመርዝ ውኃ ካደገ የሕጉ ግማሽ ጎደለ ማለት ነው፤ ስለዚህም ዝቃጩ ተጣርቶ እንዲለቀቅ መጠየቅ፣ በዳርቻው የሚያርፈው ሙስሊምም ክርስቲያንም ስለ ዘይቱ የሚጠይቀውን ያህል አጥብቆ ሊያነሣው የሚገባው ጉዳይ ነው።